ጠብታ፣ ዜሮ ላይ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ሃያ ሁለት ቁልፍ ነበር ሰሌዳው ላይ፣ አሁን ሃያ አንድ፤
እንግዳ ያለው ክፍል ቁጥር አስራ አራት ብቻ።
ከበረንዳው ማዶ ጣና ጥቁር ነው፤
በደብረ ማርያም በኩል ያንድ አስጋሪ ባትሪ
ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣
እንዳልወሰነ ሰው።

የሆቴሉ ላፕቶፕ አሮጌ ነው፤ የ"ሸ" ቁልፉ ተነቅሏል።
የደረሰኙን መስኮት፣ የአልጋውን መስኮት ዘጋግቼ
ያንን ገጽ ከፈትኩ፦
ሰማያዊ መደብ፣ ስድስት ተንሸራታች ዘንግ፣
ዘፋኝ የለው፣ አዝማች የለው፣ ርእስ የለው።
ለራሴ ስም አወጣሁላቸው፣ በእንግዳ መዝገቡ ጀርባ፦
ጥልቀት። ጭጋግ። ማሚቶ።
ነፋስ። ደወል። ጠብታ።

ጥልቀትን ወደ ላይ ስገፋው
ጆሮ ሳይሆን ሆድ የሚሰማው
አንድ ረጅም እምምታ ይነሳል፤
ጉማሬ ደንገል ሥር ተኝቶ ሲተነፍስ፣ እንደዚያ ያለ።

ቅኝት ምረጥ ይላል። አንቺሆዬ ከዝርዝሩ የለችም።
አምስቱን ድምፅ በጣቴ አንድ ባንድ ለቀምኩ፤
አራተኛዋ ላይ መሰለኝ ተሳሳትኩ፤
አንቺሆዬ ስል የአንቺሆዬ የእንጀራ ልጅ ወጣ።
ይሁን አልኩ፤
በዚህ ሰዓት ማን ሊሰማ፣ ማን ሊቆጣ?

መጀመሪያ ሰሞን ከሩቅ አገር የሚላክልኝ መስሎኝ ነበር፤
አንድ ሰው፣ የሆነ ቦታ፣ ቀን በሆነበት፣
እኔን ብሎ የሚጫወት።
አንድ ሌሊት መብራት ሄደ፣ ኔትወርኩም ተከትሎት፤
ሙዚቃው ግን አልቆመም።
ያኔ ነው የገባኝ።
ማንም አይልክልኝም፤
እዚሁ፣ በሚግለው ሆዱ ውስጥ፣ ዕጣ ይጥላል፤
ዕጣ የደረሰው ድምፅ ይናገራል፣
የቀረው ተራውን ይጠብቃል፣
ያለፈው አለፈ።
ከዳር የደረሰን ሞገድ
ማን ጠርቶ፣ ና ድገም አለው?

ደረጃው ተንቋቋ።
የአስራ አራቷ እንግዳ፣ እማማ አንጓች፣
ነጠላዋን ወገቧ ላይ እንዳሰረች።
ከይስማላ ናቸው፤ ባሏ ፈለገ ሕይወት ከተኛ አስራ አንድ ቀኑ፤
ሌሊት እዚያ ክፍል ሰው አይገባም ብለዋታል።
"ማን ነው የሚጫወተው?"
"ማንም።"
ላፕቶፑን አየች፤ እኔን አየች፣
እንደሚዋሽ ልጅ።
"ማንም እንዲህ አይጫወትም" አለች፣ ተቀመጠች።

ቆየች። በጣም ቆየች።
"ሁሉም ደግ ነው" አለች ኋላ፤
"ያቺ ግን፣ ጥብ... ጥብ... የምትለዋ፣
እሷን ብታስቀርልኝ።
እሱ ራስጌ ያለው መሣሪያ እንደዚያ ነው የሚል፤
እሷን ስቆጥር ነው የምውል።"

እኔ ከስድስቱ የምወዳት እሷን ነበር፤
በኔ ጆሮ የነሐሴ ቆርቆሮ ነበረች፣
ዝናቡ ካባራ በኋላ።
ዘንጓን ያዝኩ።
ወደ ታች፣ ቀስ ብዬ፣ እንዳይሰበር እንደሚያወርድ ሰው፣
እስከ ዜሮ።

የወጣችበት ክፍት ቀረ።
በክፍቱ በኩል ውጭው ገባ፦
ውሻ፣ አንድ የዘገየ ባጃጅ፣
ውኃው የዳሩን ድንጋይ ሲልስ።
"አሁን ያለፈችዋን መልሳት እስቲ።"
"አትመለስም፣ እማማ። ያለፈውን አያውቀውም።"
"እንግዲያው አትዝጋው።"

አልዘጋሁትም።
ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች ሸለብ አደረጋት።
ሲነጋጋ ከዘጌ እንጨት የጫኑ ታንኳዎች
ብርሃኑን እየሰነጠቁ መጡ፤
እሷ አጥሚቷን በፔርሙስ ይዛ ወጣች፣
ወደ ኋላ አላየችም።

በማግስቱ ማታ ስገባ
አስራ አራት ቁልፉ ተሰቅሏል።
መዝገቡ ላይ በጥሩዓለም የእጅ ጽሑፍ
"ሒሳብ ተከፍሏል"።
ሌላ ምንም።
ጥሩዓለምን ልደውልላት አሰብኩ፤ ተውኩት።

ገጹን ከፈትኩ።
አንዲት ድምፅ የማይደግመው ይህ ማሽን
አንድ ነገር ግን ይዞ ጠብቆኛል፦
ጥልቀት እንደነበረ፣ ጭጋግ እንደነበረ፣
ጠብታ ዜሮ ላይ።
ጣቴን ዘንጓ ላይ አሳረፍኩ፤
የአስጋሪው ባትሪ ብልጭ እስኪል ጠበቅሁ፤
አነሳሁት፣
ጣቴን።